ራም ስንገዛ ይሉኝታን ቤት እንተው

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው አጀንዳ ላይ “የኮምፒውተር ግዢ” የሚል ተራ ቁጥር አለ። የሥልጠና ክፍላችን ላፕቶፖች ቀርፋፋ ሆነዋል። የቁጠባ መዝገባችን ያለበት ደግሞ ኤክሴል እስኪከፍት ጀበናው ተጥዶ ቡናው ይፈላል። በዚህ ምክንያት አሮጌዎቹን ትተን አዲስ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድናይ ልለምናችሁ ነው የቆምኩት። ችግሩ የራም ማነስ ከሆነ፣ አዲስ ላፕቶፕ በሚገዛበት ገንዘብ ብዙዎቹን አሮጌ ላፕቶፖች ማደስ ይቻላል። ግን ራም አገዛዙን ማወቅ አለብን። ገንዘቡ የእያንዳንዳችን ወርሃዊ መዋጮና የለጋሾቻችን አደራ ነው። በከንቱ የወጣ ብር አንዲት እኅታችን ብድር የምትጠብቅበትን ተራ ያራዝመዋል።

በመጀመሪያ ራም ምንድን ነው? ጎተራና ሰፌድ አስቡ። ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ጎተራው ነው። ራም ደግሞ ሰፌዱ ነው፤ አሁን የምንለቅመው እህል የሚዘረጋበት። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሞላ በአንድ ጊዜ የምንለቅመው ሰፌዱ የያዘውን ብቻ ነው። ሰፌዱ ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ ወደ ጎተራው ሲመላለስ ይውላል። መንቀራፈፍ የምንለው ይኸንን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ሱቅ ገብታችሁ “ሚሞሪ አለ?” ካላችሁ የስልክ ካርድ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። “የላፕቶፕ ራም” ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምርመራ ልሂድ፤ ምንም ወጪ የለውም። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ፣ ሁልጊዜ የምትሠሩባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ እየሠሩ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። “ፐርፎርማንስ” የሚለውን ክፍል እዩ። ሚሞሪው 85 ወይም 90 በመቶ ደርሶ ከዚያ የማይወርድ ከሆነ ሰፌዱ ጠብቧል፤ ራም ያስፈልጋል። ሚሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰካ ግን ጥፋቱ የራም አይደለም። አሮጌውን ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ይሻላል። ራም የማይቸግረውን ኮምፒውተር ራም መጨመር፣ ዓይኑን ለታመመ ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። “ከ2 ቦታ 1 ተይዟል” የሚል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ያለውን ሳታወጡ መጨመር ትችላላችሁ። ግን በዚህ ብቻ አትመኑ። ራማቸው በቦርዱ ላይ ተበይዶ የተሠራ ቀጫጭን ላፕቶፖች አሉ፤ ማክቡክ ኤር አንዱ ነው። እነሱ ላይ ራም አይጨመርም። ሌሎች ደግሞ ግማሹ ተበይዶ አንድ ቦታ ብቻ ክፍት የሆነላቸው ናቸው። ስለዚህ የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ስም ከሆዱ ላይ አንብባችሁ ጻፉ፤ በዚያ ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። እንዲሁም የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ መጀመሪያ 64 ቢቱ ይጫን።

ቀጥሎ የራሙን ስም ማወቅ ነው። በርበሬ ሊገዛ የሄደ ሰው “ቀይ ነገር ስጡኝ” አይልም፤ የማረቆ ነው የአላባ ብሎ ይጠይቃል። ራምም ዓይነት አለው፤ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ከታች በኩል ያለችው ጎድጓዳ ቦታ እየተለያየች ተሠርታለች። ገፍቼ ላስገባው ያለ ቦርዱን ይሰብራል። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ የዴስክቶፕ ራም ረጅም ነው። በዲዲአር 3 ውስጥ ደግሞ “ዲዲአር 3 ኤል” የሚባል በ1.35 ቮልት የሚሠራ አለ፤ ተራው 1.5 ቮልት ነው። ኤል የሚፈልግ ላፕቶፕ ተራውን ብትሰጡት ላይነሣ ይችላል።

በእኛ ከተማ በሁለተኛ እጅ ገበያ ብዙ የሚታዩትን ልጥቀስላችሁ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2 የሚወስደው ዲዲአር 3 ኤል ነው፤ ታናሽ ወንድሙ 840 ጂ3 ግን ዲዲአር 4 ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 ዲዲአር 3 ኤል፣ ቲ470 ደግሞ ዲዲአር 4። ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ይመስላሉ። በስሙ ውስጥ ያለችው አንዲት ቁጥር ናት ገንዘባችሁን የምታድነው ወይም የምታጠፋው።

በራሙ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ማንበብም ይቻላል። “ፒሲ 3 ኤል” ካለ ዲዲአር 3 ኤል ነው፤ “ፒሲ 4” ካለ ዲዲአር 4 ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ፍጥነቱን ይናገራል። 12800 ማለት 1600፣ 19200 ማለት 2400፣ 25600 ማለት 3200 ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ቢገቡ ብዙውን ጊዜ ይሠራሉ፤ ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ይሄዳሉ። ስለዚህ ለፍጥነት ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። ለእኛ ሥራ ዋናው መጠኑ ነው። ለጽሕፈት፣ ለመዝገብና ለኢንተርኔት 8 ጊጋባይት ይበቃል።

እሺ፣ ገበያው የት ነው? ፒያሳ ያደግን ሰዎች ይህ ጥያቄ ያሳዝነናል። የአራዳ ገበያ ግን መንቀሳቀስ ለምዷል። ድሮ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቅ ገበያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ አዛውረውታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀ ማግስት የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪውም ነጋዴውም ተበትኗል። ድሮ “እነ እገሌ ጋ ሂጂ” ስንባል የምንሄድበት ጥገና ቤት ዛሬ በሩ የለም፤ ስልክ ቁጥሩና የቴሌግራም ቻናሉ ግን አለ። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከስልካችን ነው። ጂጂ ላይ፣ በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ። ዕቃው ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መርካቶ፣ መገናኛ ወይም ቦሌ ካለ ሱቅ ነው።

ድሮ ባለሱቁ ያውቀን ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንን፣ የት እንደምንኖር ያውቃል። ቢያታልለን ነገ በደጁ እናልፋለን። ዛሬ ሻጩ ስምና ፎቶ ብቻ ነው። ያ መተዋወቅ ሲቀር በቦታው መተካት ያለበት መጠየቅና መሞከር ነው።

ስለ ዋጋ ልናገር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታይ ተወድዷል። በዚያ ላይ በ2018 ዓ.ም. የዓለም የራም ዋጋ ራሱ ወደ ላይ ወጥቷል። ምክንያቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ናቸው። የራም ቺፕ ከሚሠሩት ከዓለም ትልልቆቹ ሦስት ኩባንያዎች፣ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን፣ ምርታቸውን ከተራው ገዢ ይልቅ ወደ እነዚህ ማዕከላት እያዞሩ ነው። ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም በኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለዚህ “ባለፈው ዓመት እኮ በዚህ ዋጋ ገዝቼ ነበር” የሚለው ክርክር አያዋጣንም። ዋጋ የምናወዳድረው ከዛሬው ገበያ ጋር ነው።

አወዳደሩም ቀላል ነው። ቢያንስ አምስት ማስታወቂያ እዩ፤ የእያንዳንዱን ዋጋ ለጊጋባይቱ አካፍሉ። ቁጥሩን ለስሌት ብቻ እንውሰድ፤ አንዱ 4 ጊጋባይት በ2,000 ብር፣ ሌላው 8 ጊጋባይት በ3,200 ብር ቢል፣ የመጀመሪያው ጊጋባይቱ 500 ብር፣ ሁለተኛው 400 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው። ከአምስቱ መካከለኛውን ያዙ። ከመካከለኛው ትንሽ የወረደ መልካም ዋጋ ነው፤ ከግማሽ በታች የወረደ ግን ጥያቄ ነው።

በጣም የረከሰ ራም ብዙ ጊዜ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ በተለይ በዴስክቶፕ ራም ላይ። አንደኛው የሰርቨር ራም ነው። ከትልልቅ ድርጅቶች ሰርቨር የወጣ ስለሆነ መጠኑ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ተራ ኮምፒውተር ላይ ግን አይሠራም። በወረቀቱ ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ “አር” የምትል ፊደል ካለችበት ተዉት፤ የላፕቶፑ “ኤስ”፣ የተራው ዴስክቶፕ “ዩ” ናት። ሁለተኛው “ለኤኤምዲ ብቻ” ተብሎ የሚሸጥ የዴስክቶፕ ዲዲአር 3 ነው፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ አይነሣም። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ላያውቅ ይችላል። ለእኛ ግን ውጤቱ ያው ነው።

አሮጌ ራም መግዛት ያስፈራል ለምትሉ፣ ራም የሚሽከረከር፣ የሚያልቅ አካል የለውም። ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ሁሉ ባትሪና ሃርድ ዲስክ ከመግዛት ራም መግዛት በጣም ይሻላል። ከተፈተነና ካለፈ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ስለዚህ “አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?” ከሚለው ይልቅ “ይፈተናል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ። አንዲት አባላችን ለጽሕፈት ሥራዋ በቴሌግራም ራም አገኘች፤ ገንዘቡን አስቀድማ በቴሌብር ላከች፤ ዕቃው በሞተረኛ መጣላት። ላፕቶፗ ዲዲአር 4 ነበር፤ የመጣው ዲዲአር 3። ስትደውል “የጠየቁኝን ነው የላክሁት” አላት፤ ከዚያ ስልኩን አላነሣም። ላፕቶፑን ይዛ ሄዳ ለምን እንዳልሞከረችው ስጠይቃት “ሰውየው እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው፤ ሌባ ያልኩት ይመስለዋል” አለችኝ።

እኅቶቼ፣ ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። እኛ ቅቤ ስንገዛ እናሸታለን፤ ጣታችንን ነክረን እንቀምሳለን። ባለቅቤዋ “ሌባ አልሽኝ” አትለንም። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር እንዳይኖር እፍኝ አውጥተን እናያለን። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ስንደርስ ግን አንገታችንን እንደፋለን። ሻጩ “ማዘር፣ አያስቡ፣ ኦሪጅናል ነው” ሲለን፣ አላዋቂ እንዳንባል ዝም ብለን እንከፍላለን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ደኅና ነጋዴ ጠያቂ ገዢን ይወዳል፤ ዕቃው ተመላሽ እንደማይሆንበት ያውቃልና። በጥያቄ የሚቆጣ ነጋዴ ካለ፣ በነፃ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷችኋል።

ስለዚህ መጠየቂያውን አብረን እናዘጋጅ። ለሻጩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

“ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የሚሆን የላፕቶፕ ዲዲአር 4፣ 8 ጊጋባይት ራም እፈልጋለሁ። የዕቃውን የራሱን ፎቶ፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ አድርገው ይላኩልኝ። ላፕቶፑን ይዤ መጥቼ፣ ገጥመን ሞክረን ነው የምከፍለው። ይስማማዎታል?”

ይኼው ነው፤ ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ ከመሰላችሁ፣ የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፎ ከራሙ ጎን አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሣው ጠይቁት። “ቀብድ ላኪልኝ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው” ካለ ይውሰደው በሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንዴ በስልክ የተላከ ገንዘብን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ። ሱቅ ከሆነ ሱቁ ውስጥ፣ ግለሰብ ከሆነ ካፌ ውስጥ ተገናኙ፤ ሰው ቤት አትግቡ። ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ያዙ። ራሙ ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ ይነሣ፤ ታስክ ማናጀር ላይ ጠቅላላው መጠን መጨመሩን እዩ። 4 የነበረው 4 ተጨምሮበት 8 ሊል ይገባል። ከዚያ የዊንዶውስ የራሱን የሚሞሪ መመርመሪያ አስነሡ፤ መፈለጊያው ላይ “ዊንዶውስ ሚሞሪ ዲያግኖስቲክ” ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ይመረምራል፤ እንደ ራሙ መጠን ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሻይ እያዛችሁ ጠብቁ። አንድ ስሕተት እንኳ ከተገኘ ራሙን አትውሰዱ። “ትንሽ ነው፣ ችግር የለውም” የሚባል የራም ስሕተት የለም፤ አንድ ቀን የቁጠባ መዝገባችንን ያበላሻል።

ደረሰኝም ጠይቁ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ከነጋዴ የገዛነው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን መጠየቅ እንችላለን። ደረሰኝ ከሌለን ግን ከማን እንደገዛን ማስረዳት ይከብደናል። በደረሰኙ ላይ የራሙ ዓይነትና መጠን ይጻፍ፤ “የኮምፒውተር ዕቃ” ብቻ ከተባለ አይረባንም።

ማህበራችን ውስጥ የሚገጥም ሰው ካለ ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ። በበጋው ደረቅ አየር፣ በተለይ የሱፍ ሹራብ ለብሰን ስንነካካ ከእጃችን የሚፈናጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ራምን ሊያቃጥል ይችላል፤ መጀመሪያ ብረት ነገር ንኩ። ራሙን በጠርዙ ያዙት፣ ወርቃማውን ጥርስ አትንኩ።

ለለጋሾቻችን አንድ ቃል አለኝ። በውጭ አገር ያላችሁ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ልትልኩልን ስታስቡ ክብደቱና የማጓጓዣው ወጪ ያሳስባችኋል። የላፕቶፕ ራም ግን ጥቂት ግራም ነው፤ የሚመጣ ሰው ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይይዝም። እናንተ ባላችሁበት በኢቤይና በመሳሰሉት ያገለገለ ራም በሰፊው ይሸጣል፤ ከመጣል የተረፈ ላፕቶፕ ውስጥም አለ። ግን እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሚያስፈልገን ጠይቁን። የማይገባ ስጦታ ለሰጪውም ለተቀባዩም ኪሳራ ነው።

አንድ እውነት ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከላፕቶፖቻችን አሮጌዎቹ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም። እነሱን በነፃው ሊኑክስ ማሠራት ይቻላል፤ መልመድ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ “ራም ቢጨመርለት ስንት ዓመት ያገለግለናል?” ብለን ሳንጠይቅ አንድ ብር አናውጣ። አንዳንዱን ማሳረፍ ይሻላል፤ ከእሱ የወጣው ራም ለወንድሙ ይሆናል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአዲስ ላፕቶፕ ግዢው ለአንድ ወር ይቆይና የሁሉም ላፕቶፖች ሞዴል፣ የራም ዓይነትና ክፍት ቦታ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ አባላት የግላቸውንም ያስመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ሁለት አባላት መርማሪ ሆነው ይመረጡ፤ ማንኛዋም አባል ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ አንዷ አብራት ትሂድ። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም ራም፣ ከፊታችን ተገጥሞ ሳይፈተን ክፍያ አይፈጸም።

ሦስተኛው የጸሐፊዋንም የገንዘብ ያዥዋንም እጅ ያጠነክራል። ሻጩ ሲቆጣ “እኔ አይደለሁም ወንድሜ፣ የማኅበራችን ደንብ ነው” ማለት ትችላለች። ብቻዋን ስትሆን ይሉኝታ የሚይዛት እኅት፣ ማኅበር ከኋላዋ ሲኖር አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠይቃለች።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ እዚህም ይሉኝታ የለም።